መያዣ ሆኜ የከረምኩበት ክረምት

አባቴ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ የሚያወራት አንዲት ታሪክ አለችው። ልቅሶ ቤት ያወራታል፣ ሠርግ ላይ ያወራታል፣ ባለፈው ፋሲካ ደግሞ እኔ ወጥ እያቀረብኩ ሳለሁ ለአማቴ አወራላት። «ለቃሌ ስል የአብራኬን ክፋይ አስይዣለሁ» ይላል ደረቱን ነፋ አድርጎ። ሰሚውም «አቤት ወንድ! እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?» ይላል። የአብራኩ ክፋይ እኔ ነኝ። በእሱ ታሪክ ውስጥ ምን እንደበላሁ፣ የት እንደተኛሁ፣ ምን እንዳሰብኩ የሚጠይቅ ሰው የለም። እኔም እስከ ዛሬ አፌን ይዤ ኖሬአለሁ። አሁን ግን ሠላሳ ልደፍን ምንም አልቀረኝም፣ ልጅም ወልጃለሁ፤ በእኔ በኩል የነበረውን ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ያን ጊዜ ቤታችን መኪና ነበር። አባቴ አሮጌ የጭነት መኪና ከገዛ በኋላ ንፋስ መውጫ የነበረንን የኪራይ ቤት ለቀቅን፤ «እየሄዱ መኖር እያለ ቆሞ መኖር ምን ይሠራል?» አለ። ከጋቢናው ጀርባ በሳንቃ የከለላት አንዲት ክፍል ነበረችን። እናቴ እጆቿን ብትዘረጋ የግራና የቀኙን ስፖንዳ፣ የመኪናውን የጎን ግድግዳ፣ ትነካለች። አራት ሰው፣ አንድ ፍራሽ፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ የእናቴ የእንጨት ሣጥን፤ በላያችን ሸራ። ከሳንቃው ወዲያ ጭነቱ ነው፤ ጨው፣ ሳሙና፣ የላስቲክ ጫማ፣ የፕላስቲክ ሳፋ። ይህን ከገበያ ገበያ እያዞርን እንሸጣለን፣ ገብስና ባቄላ እንገዛለን። ዓርብን አርብ ገበያ የምትባለው ከተማ እንውላለን፣ ከዚያ ወደ ንፋስ መውጫ፣ ከዚያ ወደ እስቴ፣ ከዚያ ደግሞ መመለስ ነው።

በበጋ ኑሮው ደስ ይል ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ሌላ ነው። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ቀዳዳ አያጣም። ዝናቡ ሲወርድ ሸራው መሀሉ ላይ ውኃ ይቋጥርና ሆዱ ይንዘረጠጣል፤ እናቴ በመጥረጊያው እንጨት ከሥር ስትገፋው ውኃው በአንዱ ጎን ይደፋል፣ እኔና ታናሽ እህቴ በየትኛው በኩል እንደሚደፋ እንወራረዳለን። ነፋስ በተነሳ ዕለት ደግሞ ሸራው ይነፋና ገመዶቹ ያጓራሉ፤ አራታችንም አንዳንድ ጫፍ ይዘን እስኪያልፍ እንቀመጣለን። የገበያ ልጆች ቤታችንን ተሸክመን ስለምንዞር «ቀንድ አውጣ» ይሉን ነበር። ይህን ስትሰማ እህቴ ታለቅሳለች፤ እኔ ድንጋይ አነሳለሁ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ማለት ይኸው ነው።

እኔ ያን ኑሮ የምወደው ሥራ ስለነበረኝ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ቀድሜ ዘልዬ የምወርደውና ከኋላ ጎማው ሥር ታኮውን፣ ያን የእንጨት ጉማጅ፣ የማስገባው እኔ ነበርኩ። አባቴ በመስኮት ብቅ ብሎ «ያዘ?» ይላል። «ይዟል!» እላለሁ። ከዚያ ነው እግሩን ከፍሬኑ ላይ የሚያነሳው። እናቴም እህቴም እዚያ ላይ ናቸው፤ እሱ ደግሞ በእኔ አንዲት ቃል ያምናል። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። የአባቴ ቀኝ እጅ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

በዚያው ዓመት የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አልፌአለሁ። ትምህርት ቤት የምውለው መኪናችን ንፋስ መውጫ በሚያድርበት የሳምንቱ ግማሽ ብቻ ነበር፤ መምህራኑ ለምደውኝ «መጣች መንገደኛዋ» ይሉኝ ነበር። ዘጠነኛ ግን እንደዚያ አይሆንም። አባቴ ራሱ ነው ያለኝ፦ «ነሐሴ ሳይወጣ አስመዘግብሻለሁ። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ክፍል እከራይልሻለሁ። ቃሌ ነው።» ያን ቃል ይዤ ሰኔን ሁሉ በደስታ ዞርኩ።

በሐምሌ አጋማሽ አባቴ ስማዳ ውስጥ ወገዳ ከተማ ላይ ጨው ጠፍቷል የሚል ወሬ ሰማና ወደዚያ እንውረድ አለ። ክረምት ላይ የዚያ መንገድ ነገር እንደማይታመን ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። አርብ ገበያ ላይ ያገኘናቸው ሾፌሮች «ተው፣ መኪናህን አፈር ታበላታለህ» አሉት። እናቴም «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ» ብላ አጉረመረመች። እሱ «እኔ የማውቀው አቋራጭ አለ» አለ። አባቴ አቋራጭ አውቃለሁ ካለ ብርድ ልብስ ማዘጋጀት ነው። አቋራጩ ከአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን በታች ዋልካ አፈር ውስጥ አስገባንና ጎማው ተውጦ እስከ ባሌስትራው ሰጠምን። ዋልካ በበጋ ድንጋይ ነው፣ በክረምት ሊጥ ነው።

ሁለት ቀን እዚያው ቆየን። ጎማው ሲዞር ጭቃ ከመርጨት በቀር ንቅንቅ አላለም። ሦስተኛው ቀን ገብርኤል ነበር። ገበሬዎቹ ከቅዳሴ ወጥተው ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጥተው ከበቡን። አባቴ በሬ ጠምደው እንዲጎትቱለት ለመናቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ በገብርኤል ዕለት በሬ ይጠመዳል ወይ? ነገሩ ወደ ቄሱ ሄደ። ቄሱ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። ጃንጥላቸውን ይዘው መኪናዋን ዞረው ዞረው አዩና፣ «ወንጌሉ በሬው በሰንበት ጉድጓድ ቢገባበት የማያወጣ ማን ነው ይላል። ይህችም ያው የሰውዬው በሬ ናት። አውጡለት» አሉ።

አሥራ አንድ ጥማድ በሬ መጣ። መጫኛውን አያይዘው ከመኪናው ፊት አሠሩት። ሁሉም ዝግጁ ሲሆን አባቴ ላግዛችሁ ብሎ ሞተሩን አስነሳ። በሬዎቹ እንዲህ ያለ ጉድ ሰምተው አያውቁምና ከነቀንበራቸው በየማሳው ተበተኑ። እነሱን ሰብስቦ ለመመለስ እኩለ ቀን አለፈ። ሰዎቹ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተሳደበ። ቄሱም «አንተ ሰው፣ ወይ መኪናህ ትጩህ ወይ በሬው ይጎትት! ሁለቱን ምን አገናኘው?» አሉት።

በሬዎቹ እንደገና እስኪታሠሩ ቄሱ ሌላ ነገር አነሱ። የቤተ ክርስቲያናቸው ክዳን ሣር ነው፤ አርጅቶ ያፈሳል። ምእመኑ አዋጥቶ የገዛው ቆርቆሮ ከሰኔ ጀምሮ ንፋስ መውጫ ተቀምጧል። በአህያ እንዳይጫን ይታጠፋል፤ ባለመኪና ደግሞ በዚህ መንገድ አልመጣም ይላል። «እኛ በዓላችንን ሽረን እናወጣሃለን። አንተ ደግሞ ቆርቆሯችንን አምጣልን» አሉት።

«በስምንት ቀን!» አለ አባቴ። መስቀላቸውን ተሳልሞ ማለ።

ያገሩን ሰው ግን መሐላ ብቻ አይበቃውም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ዋስ ጥራ» አሉት። እዚያ አገር ዋስ የሌለው ቃል ነፋስ ነው። በሬ የተዋሰም፣ ዘር የተበደረም፣ ሚስቱን መትቶ የታረቀም ዋስ ይጠራል። አባቴ ደግሞ በዚያ አገር አንድ ሰው አያውቅም። ሽማግሌዎቹን ተከትሎ ወደ ወይራው ሥር ሄደ። እኔ ታኮዬን ይዤ ጭቃው ውስጥ ነበርኩ፤ የተባለውን አልሰማሁም። ሲመለሱ ቄሱ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ አባቴ እየሳቀ «እሺ ብለዋል!» አለን። እናቴን ወደ ጎን ጠራትና ትንሽ ተነጋገሩ። እናቴ ወደ እኔ አየችና ቶሎ ዓይኗን ሰበረች። ደክሟት ነው አልኩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪናዋ ወጣች። በማግስቱ አባቴ፣ ዳገቱን ባዶዋን ካልሆነ አትወጣም ብሎ ጨውንና ሳፋውን አወረደ። ከዚያ ትከሻዬን ይዞ ከእኔ ቁመት ዝቅ አለ። «ይህን ሁሉ ንብረት ለማን አምኜ እተዋለሁ? ላንቺ ካልሆነ። ስምንት ቀን ብቻ። እማሆይ ቤት ትሆኛለሽ። ተመልሼ ስወስድሽ በቀጥታ ወደ ምዝገባ ነው።» በደስታ ልቤ ልትፈርስ ነበር። እህቴ «እኔስ?» ብላ ማልቀስ ስትጀምር እንዲያውም ናቅኋት። መኪናዋ ስትሄድ እጄን አላውለበለብኩም፤ ጠባቂ ሰው እጁን አያውለበልብም ብዬ።

እማሆይ ባላቸው ሲሞት የመነኮሱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ጨውን ከግድግዳው አርቄ በድንጋይ ላይ ደረደርኩት፣ አሥራ ሁለቱን ሳፋ አንዱን በአንዱ ውስጥ ሰካሁ፣ ከአጠገቡ ተኛሁ። ሰፈሩ እንዴት አድርጎ እንደያዘኝ ልንገራችሁ። ጎረቤት በየተራ ቆሎና እርጎ ያመጣልኛል። ምድጃው አጠገብ ያለውን ቦታ ለእኔ ይለቃሉ። ውኃ ልቀዳ ወደ ምንጩ ስወርድ ሁለት ሴቶች «ብቻሽንማ አትሄጂም» ብለው ከፊትና ከኋላ ይሆናሉ። የነጋዴ ልጅ መሆኔን አይተው ነው፣ አክብረውኝ ነው እያልኩ ኮራሁ። እንዲያውም እያደር በዚያ ኩራት ሴቶቹን እንስራዬን ማሸከም ጀምሬ ነበር።

የፍልሰታ ጾም በገባ በሁለተኛው ቀን ዝናቡ ባሰ። ቄሱ ራሳቸው እማሆይ ደጃፍ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ እነዚያን ሳፋዎች ብታውሽን። መቅደሱ እያፈሰሰ ነው፤ ከሥር እናስቀምጣቸው።»

«የሽያጭ ናቸው አባ» አልኳቸው። «አባዬ ሲመጣ ይጠይቁት።»

ጃንጥላቸውን ዘረጉና በዝናቡ ውስጥ ተመልሰው ሄዱ። እማሆይ በዚያች ሌሊት ጸሎታቸውን ሲያደርሱ ድምፃቸው ጠንከር ያለብኝ መሰለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ የያዝኩት ጨውና ሳፋ ነበር።

ስምንቱ ቀን ካለፈ ቆይቷል። አሥራ አምስት ሆነ። ሃያ ሆነ። ሌላው ቢቀር ነሐሴ እየሄደ ነው፤ ምዝገባው ይዘጋል። ስለዚህ ወሰንኩ። ጠዋት ላይ እማሆይ ደጃፋቸው ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ሲቆጥሩ አጠገባቸው ተቀመጥኩና፣ «እማሆይ፣ ዓርብ ከገበያተኛው ጋር ወደ አርብ ገበያ ልወጣ ነው። ከዚያ መኪና አላጣም። ጨውን እርስዎ ይጠብቁልኝ» አልኳቸው።

ጣታቸው መቁጠሪያው ላይ ቆመ። «ወዴት ትሄጂና ልጄ? ዋስ ተነስቶ እንዴት ይሄዳል?»

«የማን ዋስ?»

አዩኝ። መልሰው አዩኝ። «አልነገሩሽም?» አሉ ቀስ ብለው። «ወይ እኔ! አውቃ ነው የምትጫወተው ብዬ፣ ምን ያለች ብርቱ ልጅ ናት ስል የከረምኩት!»

ከዚያ ነገሩኝ። ከወይራው ሥር ሽማግሌዎቹ ሰው አንይዝም ብለው ነበር። «ከመኪናው ላይ ያን ትርፍ ጎማ አስይዘን ነው ያሉት» አሉ እማሆይ። «እሱ ጎማውስ አይሆንም አለ። መንገዱ ክፉ ነው፣ ያለ ትርፍ ጎማ አልንቀሳቀስም አለ። ልጄን ልተውላችሁ፣ እሷን ትቼ የት እሄዳለሁ አለ። ቄሱ ዝም አሉ፤ ቆርቆሮው ቸግሯቸው ነው።»

ጎማ። እኔና አንድ ጎማ ሚዛን ላይ ተቀምጠን ጎማው በልጦ ሄደ። መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት እንኳ አልነበረም፤ እፍረት ነው። በዚያ አገር ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። ሴቶቹ ወደ ምንጩ ማጀባቸው ክብር አልነበረም፣ ጥበቃ ነው። እርጎውም አደራ የተቀበሉት ከብት እንዳይከሳ የሚሰጥ ድርቆሽ ነው። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ቀን አፍንጫዬን ነፍቼ፣ ንብረት ጠባቂ ነኝ ብዬ ሳፋ ስከለክል! አባቴ ዋስ ሁኚልኝ ብሎ ቢለምነኝ እሆንለት ነበር። ይህንን እስከ ዛሬ አልተውኩትም። እሺ እለው ነበር፤ አልጠየቀኝም። ያሞኘኝ በማላምንበት በኩል መጥቶ ሳይሆን እኔ ያመንኩበት ቦታ ላይ ቆሞ ነው።

በዚያው ቀን አሥራ ሁለቱን ሳፋ ተሸክሜ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አስቀመጥኩ። ማንም አላመሰገነኝም፤ እኔም ምስጋና አልፈለግሁም።

ስልክ የሚሠራው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ኮረብታ ጫፍ ብቻ ነው። ከጎረቤት ተውሼ ወጣሁ። ሁለት ጊዜ ያቺ የስልክ ሴትዮ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም አለችኝ። በሦስተኛው አባቴ አነሳ።

«የኔ ጀግና! እንዴት ነሽ? መንገዱ እኮ ተቆረጠ፤ ናዳ ወረደበት። መንቀሳቀስ አልቻልንም፣ ንፋስ መውጫ ቆመናል።»

ከኋላው አንድ ሰው «ሾፌር! ድንቹ ሞልቷል፣ ለእስቴ ተነስ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። እህቴ የሆነ ቦታ ትስቃለች። ሞተር ይነሳል። የራሳችንን መኪና ድምፅ አላውቀውም?

«ቆማችኋል?» አልኩት።

«ይኸው ቆመናል።»

«ምዝገባውስ አባዬ?»

«ምዝገባ የት ይሄዳል? ዝም ብለሽ ጠብቂ። ጨውን ብቻ እርጥበት እንዳይነካው፣ አደራ።»

ስለ ዋስነቱ ልጠይቀው ነበር የወጣሁት። ጨውን ሲለኝ ግን ተውኩት። እስካሁን ጠባቂ ነኝ እያልኩ እንድኖር ይፈልጋል ማለት ነው። ስልኩን ዘጋሁና ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የማውቃቸውን ስድቦች ሁሉ ሰደብኩት።

ዓርብ ጠዋት ከአህዮቹ ጋር ተነሳሁ። ሴቶቹ በየደጃፋቸው ቆመው አዩኝ፤ የያዘኝ ሰው የለም። ዳገቱ ወገብ ላይ ስደርስ ቄሱን አገኘኋቸው፤ በሽተኛ ጠይቀው ሲመለሱ ነው። ቆሙ።

«ልትሄጂ ነው?»

«አዎ አባ።»

«ሂጂ። ሰው አሥረን አናውቅም። ያን ዕለትም እምቢ ማለት ነበረብኝ። ቆርቆሮው አሳስቶኝ ነው፤ ይቅር በይኝ ልጄ።» መስቀላቸውን ሰጥተውኝ ተሳለምኩ። ከዚያ ጭቃውን በዘንጋቸው እየሞከሩ ቁልቁል ወረዱ። ቅሪ አላሉኝም።

አህዮቹ አለፉኝ። እኔ መንገዱ ላይ ቀረሁ። ከሄድኩ አባቴ ለዚያ ጨውና ሳፋ ብቻ ሲል ወደዚህ እንደማይመለስ አውቅ ነበር። ሁለተኛ በዚያ መንገድ አያልፍም። እነዚህ ሰዎች ደግሞ በዓላቸውን የሻሩት፣ በሬያቸውን ያደከሙት በከንቱ ይሆናል፤ ካህናቱም በጃንጥላ መቀደሳቸው ነው። ብቀር ምዝገባዬ ያልፋል። እዚያ ቆሜ ከራሴ ጋር ብዙ ተጣላሁ። በመጨረሻ ተመለስኩ። ጽድቅ ፈልጌ መስሏችሁ እንዳታዝኑልኝ፤ እልህ ነው። እሱ ቃሉን በላ ብዬ እኔም የእነዚህን ሰዎች እምነት ከበላሁ፣ አባቴን መሰልኩ ማለት ነው። በእሱ አፍ ዋስ ሆኜ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በራሴ እግር ተመልሼ ዋስ ሆንኩ። ሴቶቹ ስመለስ ሲያዩኝ ወደ ምንጩ ማጀቡን ተዉት።

ነሐሴ አለቀ። ምዝገባው የሚዘጋበት ቀን እማሆይ ቤት የአተር ክክ እየለቀምኩ ነበር። ቀኑን አስቤው ሳልጨርስ ለቅሶ መጣብኝ፤ ቀስ ያለ የጨዋ ልጅ ለቅሶ አይደለም፣ እንደ አህያ ነው የጮህኩት። እማሆይ ሰፌዱን ከጭኔ ላይ አነሱና «አልቅሺ፤ ይህ የሚለቀስበት ነው» አሉኝ። አባቴ አይዞሽ ሲለኝ ከኖረው ሁሉ ያቺ አንዲት ቃል በለጠችብኝ። በጳጉሜ ለሩፋኤል ዝናብ ከልጆቹ ጋር ወጣሁ፤ ለዘመን መለወጫም አደይ ለቀምኩ። ስለ መኪና ማንም አያነሳብኝም፤ አሳዝናቸው ነበር መሰለኝ።

መስከረም ሁለተኛ ሳምንቱን ሲይዝ፣ ቀን ስድስት ሰዓት ገደማ፣ የሞተር ድምፅ ከዳገቱ በኩል መጣ። እልልታው ከእኔ እግር ቀደመ። ቆርቆሮው በስፖንዳው መካከል ተጭኖ በፀሐዩ ያበራል። አባቴ አዲስ ጃኬት ለብሶ ከጋቢናው ወረደና እጁን ዘርግቶ «ጀግናዬ!» አለ። የትምህርት ቤት ቦርሳ ገዝቶልኛል። ቦርሳ! ሰዎቹ ቆርቆሮውን ለማውረድ ሲራወጡ እናቴ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ልብሷ የከሰሉን ምድጃ ይሸታል፤ ያን ሽታ ናፍቄው እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው፣ በዚያም ተናደድኩ።

«ጠቁረሻል» አለችኝ።

«እማዬ፣ ታውቂ ነበር?»

ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔ ነኝ ያልኩት» አለች። «እሱ ትንሿን ልተው ብሎ ነበር። ትንሿ ታለቅሳለች፣ ሰው ታስቸግራለች። አንቺ አታለቅሺም፣ አንቺ ትችያለሽ አልኩት።»

ይህን ስትለኝ እያመሰገነችኝ ነበር። ፊቷ ላይ ምንም ክፋት አልነበረም። በአባቴ የተናደድኩት ንዴት ሁሉ መቀመጫ አጣ፤ የት እንደማደርገው አላወቅሁም። አንዷ አለቀሰች ተብላ ትታቀፋለች፣ ሌላዋ ቻለች ተብላ ተጥላ ትቀራለች። ቤታችን ውስጥ ይህ ፍርድ ስንት ዓመት ሲፈረድ እንደኖረ ያን ጊዜ ገባኝ።

አባቴ ሰማንና መጣ። «ነገሩሽ እንዴ?» አለ። አላፈረም። «ካወቅሽው ደግ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ጎማውን ባስይዝ ኖሮ ሌላ ጎማ ገዝቼ እቀር ነበር። ራሴን አውቀዋለሁ። ልጅ ግን ከገበያ አይገዛም። አንቺን የተውኩት ራሴን ለመመለስ ነው።»

«አስይዘኸኝም አልመጣህም» አልኩት። «ድንች ስትጭን ከረምክ።»

«ሥራው ጥሩ ነበር» አለ። «ደግሞ በደህና እጅ እንዳለሽ አውቃለሁ።»

ወዲያው ከወይራው ሥር ተጠራን። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ ሰፈሩ ሁሉ ቆሟል። ቄሱ አባቴን አመሰገኑ። ቆርቆሮው ሙሉ ነው፣ አንድም አልታጠፈም አሉ። ስምንት ቀን ያለው ሁለት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ እሱንም ምእመኑ ይቅር ብሏል አሉ። ሰው እልል አለ። አባቴ ግራና ቀኝ እጅ ነሳ። ከዚያ ዋስ ጥራ ያሉት ሽማግሌ ዘንጋቸውን ወደ እኔ አነሱ።

«የእኛ ሥርዓት ዋስን ዝም ብሎ አይለቅም» አሉ። «ሰውዬው ቃሉን መጠበቁን ዋሱ በአፉ መስክሮ ነው ከዋስነቱ የሚወርደው። ነይ ልጄ፣ መሀል ግቢ። አባትሽ ቃሉን ጠብቋል?»

መሀል ገባሁ። አባቴ ፈገግ እያለ ጠቀሰኝ፤ ጨዋታ መስሎታል። ጠብቋል ብል በሁለት ወር ውስጥ የሆነው ሁሉ ደህና ሆነ ማለት ነው። አልጠበቀም ብል ቆርቆሮው እዚያው ተደርድሮ ይታያል፤ ቀጣፊዋ እኔ ነኝ። እማሆይ ከሴቶቹ መካከል ወጥተው አጠገቤ ቆሙ። ወደ ሽማግሌው ዞርኩ።

«ለእናንተ ጠብቋል።»

ቄሱ የቀረውን እንድጨምር ትንሽ ጠበቁኝ። የቀረ ነገር አልነበረኝም። ሽማግሌው ዘንጋቸውን ዝቅ አደረጉና «ወርደሻል» አሉኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። አባቴ ፈገግታውን እንደያዘ ወደ ሕዝቡ ዞረ። አብሮት የሚስቅ ሰው ፈለገ፤ አንድም አላገኘም።